ትንሿን ካይት ግዙ፦ ከኢቫንፓ ደረቅ ሐይቅ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ካይት ባጊ ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ በተለይ መሽከርከሩን፣ ወደ ኋላ መንዳቱን፣ በሁለት ጎማ መሄዱን መማር ከፈለጋችሁ፣ ባለ 3 ሜትር ካሬ ካይት ግዙ። ባለ አራት ገመድ ትሁን። በሁለት እጀታ የምትያዝ ትሁን። እኔ ያለችኝ ኤችኪው ከሚባለው የካይት ብራንድ ቢመር የምትባለዋ ናት፤ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አብራኝ ቆይታለች። ከእሷ በፊት የገዛሁት ባለ 5 ሜትሩ ግን ገንዘቤንም ትከሻዬንም አስከፍሎኛል። ስለ ሁለቱም እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት፣ ባጊ ማለት ሦስት ጎማ ያላት፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት መቀመጫ ናት። ሞተር የላትም። ፔዳል የላትም። ፍሬንም የላትም። የፊት ጎማውን በእግራችሁ ትዘውራላችሁ፣ በእጃችሁ ደግሞ የፓራሹት ጨርቅ ከመሰለ ስስ ጨርቅ የተሰፋ ካይት ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ነፋሱ ይወስዳችኋል። ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጆርጅ ፖኮክ የሚባል የእንግሊዝ አገር መምህር በ1826 በካይት የሚጎተት ሰረገላ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ፈረስ ስለሌለው የኬላ ቀረጥ አያስከፍሉትም ነበር ይባላል። አሁን የምንነዳትን ዓይነት ባጊ ለሕዝብ ያደረሰው ግን ኒውዚላንዳዊው ፒተር ሊን ነው፣ 1990 አካባቢ።

እኔ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እንደ ብዙ ያገሬ ልጅ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ። ዕረፍቴ ማክሰኞ ነው። አንድ ቀን ከሎስ አንጀለስ ስመለስ፣ ካሊፎርኒያን ጨርሼ ፕሪም ልገባ ስል፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ ባለው ነጭ ሜዳ ላይ ቀይና ቢጫ ካይቶች አየሁ። ከሥራቸው ትንንሽ ነገሮች አቧራ እያስነሱ ይሮጣሉ። መኪናዬን ዳር ማስያዝ አይቻልም ነበርና አለፍኩ። ግን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅ ሆነን ፌስታል በክር አስረን በሜዳው ስንሮጥ የነበረው ስሜት ነው የመጣብኝ፤ ያ ፌስታል አንድ ቀን አንስቶ ቢወስደኝ ብዬ እመኝ ነበር።

ቦታው ኢቫንፓ ይባላል። ከላስ ቬጋስ ወደ ደቡብ 40 ማይል ገደማ ነው። ስሙ ሐይቅ ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። መሬቱ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው፣ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሲሚንቶ ጠንካራ። በምዕራብ በኩል ሦስቱ የፀሐይ ኃይል ማማዎች ይታያሉ። በነፋስ የሚነዱ ነገሮችን ለሚወድ ሰው ይህ ሜዳ የታወቀ ነው፤ ሪቻርድ ጄንኪንስ በ2009 ግሪንበርድ የተባለችውን ባለ ሸራ መኪና በሰዓት 126.1 ማይል የነዳት እዚሁ ነው። የሕዝብ መሬት ስለሆነ የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የመሬት ቢሮ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት የፈቃድ ደንቡን እነሱ ጋ አንብቡ። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አትግቡበት። እርጥብ ሳለ የተጎዳ መሬት ሲደርቅ እንደ ማረሻ ቦይ ሆኖ ይቀራል፣ እዚያ ላይ በፍጥነት የደረሰች ባጊ ትገለበጣለች።

አሁን ወደ ስህተቴ። ባጊዋን ሁለተኛ እጅ በ350 ዶላር አገኘሁ፣ በእሷ ቅር አይለኝም። ካይቱን ግን ስልክ ደውዬ ከአንድ ሻጭ ነው የገዛሁት። ክብደቴን ጠየቀኝ፣ 82 ኪሎ አልኩት። «እንግዲያው 5 ሜትር ነው የሚሆንህ» አለ። በቃ። የት እንደምነዳ አልጠየቀኝም። ነፋሱ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከዚህ በፊት ካይት ይዤ አውቅ እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም። የላከልኝ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያለው፣ ለእሽቅድምድም የተሰራ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ካይት ፈጣን ነው፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫም አጥብቆ ይወጣል። ነገር ግን ትንሽ ከተሳሳታችሁ አየር ላይ ይጨማደድና ይወድቃል፣ ከዚያ ሳታስቡት ድንገት ይነፋና አንድ ጊዜ ይነጥቃችኋል።

በመጀመሪያው ቀን ባጊዋ ላይ እንኳን አልተቀመጥኩም። ቆሜ ልሞክረው ብዬ ነው። ነፋሱ በሰዓት 18 ማይል ያህል ነበር። ካይቱን በትክክል ከፊት ለፊቴ፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ መሃል ላይ ዘረጋሁት። እጀታውን ሳብ አደረግኩ። የጨርቁ ድምፅ እንደ ጥይት ጮኸ። ሁለት እርምጃ ሮጥኩ፣ ሦስተኛውን አላስታውሰውም። ደረቴ መሬት ላይ ነበር፣ አቧራው አፌ ውስጥ ገብቷል፣ ግን እጀታውን አለቅኩም። ለምን እንዳልለቀቅኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን አጥብቆ ነው የሚይዘው። ሃያ ሜትር ያህል ጎተተኝ። ግራ ትከሻዬ ለሦስት ሳምንት መሪ አላስይዝ ብሎኝ ነበር።

ያነሳኝ አንድ ሽማግሌ ነው። ከእኔ ርቆ ባጊውን እያስተካከለ ነበር፣ ሮጦ መጣ። ለብዙ ዓመታት እዚህ ሜዳ ላይ የነዳ ሰው ነው። ውሃ ሰጠኝ፣ ትከሻዬን ነካክቶ አየ፣ ከዚያ ካይቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ጥሩ ካይት ነው» አለኝ። «ለአንተ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ጥሩ የሚሆነው።» በሚቀጥለው ማክሰኞ የራሱን ባለ 3 ሜትር ሰጥቶ ሙሉ ቀን አስተማረኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። እኔ በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ይዤለት ሄድኩ። በአምስት ስድስት ማክሰኞ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ በዚህ ስፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንዳለ በኋላ አይቻለሁ። ሜዳው ላይ ሰው ካያችሁ ቀርባችሁ ሰላም በሉ።

ለምን ትንሿ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ማይል ላይ ደስ እያለ የሚጎትታችሁ ካይት 20 ማይል ላይ አራት ካይት ነው ማለት ነው። ከ15 ወደ 21 ብቻ ቢዘል እንኳን ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በረሃ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ መዝለል በደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ ካይት የሚመረጠው ለአማካዩ ነፋስ ሳይሆን ለሚነጥቀው ነው።

ሁለተኛው ነገር መሬቱ ነው። ጠንካራ መሬት ላይ ጎማ በቀላሉ ይንከባለላል። ባጊዋ አንዴ ከተነሳች ካይቱ ራሱ በሩጫው ተጨማሪ ነፋስ ያገኛል፣ ነፋሱን ቀድማችሁ ልትሄዱ ሁሉ ትችላላችሁ። ለዚህ ትልቅ ካይት አያስፈልግም። ለስላሳ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ከሆነ ግን ጎማው ስለሚሰምጥ ተለቅ ያለ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ክብደትን ብቻ ጠይቆ ካይት የሚሸጥ ሰው የማላምነው።

የእኔ ልክ ይኸው፦ ኢቫንፓ ላይ፣ በ82 ኪሎ፣ ከ10 እስከ 18 ማይል ባለ 3 ሜትሯ። ከዚያ በታች ባለ 5 ሜትር፣ እሱም ወርደ ሰፊና የተረጋጋው ዓይነት፣ በኋላ የገዛሁት። ከ20 ሲያልፍ ካይቴን አጥፌ ሻይ እጠጣለሁ። ይህን የምለው በእጄ ይዤ በምለካበት ትንሽ የነፋስ መለኪያ ነው። በግምት አይሆንም። ሠላሳ ምናምን ዶላር ነው ያወጣሁበት፣ ከሁሉም ዕቃዬ ቀድሞ ልገዛው የሚገባኝ እሱ ነበር።

ስለ ቢመሯ ላውራ። ከቦርሳዋ ስትወጣ ገመዷ፣ እጀታዋ፣ የእጅ አንጓ ማሰሪያዋ አብረው ናቸው። ማሰሪያዋ ነገሩ ሁሉ ነው። ፍሬን ከሚባሉት ከታችኞቹ ሁለት ገመዶች ጋር የተያያዘ ነው፤ እጀታውን ስትለቁት ካይቷ በፍሬኗ ብቻ ትያዝና እንደታጠበ ልብስ ተንጠልጥላ ትወርዳለች። አዲስ ሰው ከሆናችሁ መጀመሪያ ይህን ተለማመዱ። መብረር ሳይሆን መልቀቅ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ እጃችሁ ሳታስቡት እስኪለቅ ድረስ። እኔን መሬት ላይ የጎተተኝ ይህን አለመልመዴ ነው።

ክንፏ ሰፋ፣ አጠር ያለ ነው። ስለዚህ አትደነግጥም። ጭንቅላታችሁ ላይ ስታቆሟት ትቆማለች፣ እስክትቀመጡ፣ እግራችሁን እስክታስተካክሉ ትጠብቃችኋለች። ከአራቱ ገመድ ሁለቱ የላይኞቹ ጉልበት ይሰጣሉ፣ የታችኞቹ ሁለቱ ፍሬን ናቸው። አንዱን ፍሬን ሳብ ስታደርጉ ባለችበት ዞር ትላለች። ሁለቱንም ስትስቡ ወደ ኋላ እየበረረች ትወርድና በጀርባዋ በኩል መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ የፍሬኑን ማሰሪያ በካስማ መሬት ላይ መምታት ነው። የድንኳን ካስማ ሳይሆን ወፈር ያለ ካስማ። ያልተመታች ካይት ነፋስ ሲመጣ ሰው ሳይኖራት ትነሳለች።

ጉድለትም አላት፣ ግን የዓይነቷ ጉድለት ነው። እንዲህ ወርደ ሰፊ የሆኑ ካይቶች ወደ ነፋሱ አቅጣጫ እንደ እሽቅድምድም ካይት አጥብቀው አይወጡም። ከተነሳችሁበት ቦታ ለመመለስ ምልልሱ ይበዛል። ውድድር የሚያምራችሁ ከሆነ አንድ ቀን ትሰለቿታላችሁ። ትሪክ የምትማሩ ከሆነ ግን ይህ ምንም አይደለም።

በአንድ ዱላ የሚነዱትን፣ ጉልበታቸውን በዱላው መቀነስ የሚቻለውን ካይቶች የሚመክሩም አሉ። ነፋሱ በሚዘላበድበት ቦታ ለረጅም ጉዞ ጥሩ ናቸው፣ ሞክሬያለሁ። ለትሪክ ግን በእጀታ የሚያዙት ይሻላሉ፣ ባሉበት ይዞራሉ፣ ወደ ኋላ ይበራሉ፣ ከእጃችሁ ጋር ይነጋገራሉ።

ትሪኩ እንግዲህ። ቅደም ተከተሉ ሽማግሌው ያስተማረኝ ነው፣ እኔም ለሌላ ሰው ባስተምር አልቀይረውም።

መጀመሪያ መንሸራተት። መጠነኛ ፍጥነት ይዛችሁ ነፋሱን በጎን አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ካይቷን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ታወጧታላችሁ፣ ከዚያ የፊት ጎማውን በአንድ እግር ግፊት ወደ ነፋሱ ታዞራላችሁ። የኋላ ጎማዎቹ ይለቁና ይንሸራተታሉ፣ አቧራው በጎን ይበናል፣ ባጊዋ ትቆማለች። ፍሬን ለሌላት ነገር ይህ ፍሬኗ ነው፣ ስለዚህ እንደ ጌጥ አትዩት። ጎማውን ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ብትነፉት በቀላሉ ይንሸራተታል።

ከዚያ ግማሽ ዙር። በዚህኛው ወደ ነፋሱ ሳይሆን ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው የምታዞሩት፣ በደንብ አጥብቃችሁ። ባጊዋ ፊቷን ታዞርና ወደ ኋላ መሄድ ትጀምራለች። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ወደ ኋላ ስትሄዱ ከፊት የነበረው ጎማ ከኋላ ይሆናል፣ በእግር ትንሽ ነካ ስታደርጉት ባጊዋ ብዙ ትወዛወዛለች። መኪና በማርሽ ኋላ በፍጥነት የነዳ ሰው ይገባዋል። ካይቷ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላታችሁ ላይ መቆም አለባት። እዚህ ላይ ነው ትንሿ ካይት ዋጋዋን የምታሳየው፣ ምክንያቱም እናንተ ስለ እግራችሁ ስታስቡ እሷ ብቻዋን ትቆማለች። ባለ 5 ሜትሩ እሽቅድምድም ቢሆን እዚያች ቅጽበት ላይ አንስቶ ይፈጠፍጣችሁ ነበር።

ሙሉ ዙር የግማሹ ቀጣይ ነው፣ ሳትቆሙ እግራችሁን አጥብቃችሁ ትጨርሱታላችሁ። አንድ የገረመኝ ነገር፣ ሰውየው ሙሉ ሲዞር ገመዶቹ አንድ ጊዜ ይጠማዘዛሉ። መጀመሪያ ሲደርስብኝ ካይቷ የተበላሸች መስሎኝ ደንግጬ አወረድኳት። ችግር የለውም፣ አንድ ጥምዝ ይዛ በደንብ ትታዘዛለች። ቀጣዩን ዙር በተቃራኒው ስትዞሩ ይፈታል። አሁን ሁሌም አንዱን በግራ ካደረግኩ ቀጣዩን በቀኝ አደርጋለሁ።

በሁለት ጎማ መሄድ የመጨረሻው ነው። ካይቷ በደንብ እየጎተተች ሳለ ወደ ነፋሱ ትንሽ ታጠፍ ስትሉ፣ በነፋሱ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ያን ጊዜ የሰውነት ሚዛንና እግር ነው የሚያቆማችሁ። ከመጠን በላይ ስትነሳ የፊት ጎማውን ባዘነበለችበት በኩል ታዞራላችሁ፣ ልክ እንደ ብስክሌት፣ ትመለሳለች። እኔ አሁን እስከ ሠላሳ ሜትር ድረስ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጎማው ሲነሳ ድምፁ ነው የሚለወጠው። የሦስት ጎማ ኩርኩርታ የሁለት ይሆናል፣ ጸጥ ይላል፣ የነፋሱ ድምፅ ብቻ በሄልሜቱ ቀዳዳ ይገባል። ያንን ጸጥታ ለመስማት ነው እያንዳንዱን ማክሰኞ የምጠብቀው።

መዝለልን አልነካውም። ጠንካራ መሬት ላይ በትልቅ ካይት የሚዘሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያምራል፣ ግን ልጆች አሉኝ።

ሁለት ነገር በአጽንኦት። እግራችሁን ከመርገጫው አታውርዱ። ባጊዋ እየሄደች እግር መሬት ከነካ ራሷ ባጊዋ ትወጣበታለች፣ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እንደዚህ ነው። ሌላው የአቧራ አዙሪት ነው። በሙቀት ወራት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ እየተሽከረከረ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ውስጡ ያለው ነፋስ አቅጣጫም ልክም የለውም። ሲመጣ ካየሁ ካይቴን አውርጄ በካስማ እመታታለሁ፣ እስኪያልፍ እቆማለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ነፋሱም ረጋ ይላል፣ ለልምምድ የምወደው ሰዓት ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ታላቄን ይዤው ሄጄ ነበር፣ አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ፣ ጋሼ ነው የምለው። ሄልሜቴን ስደፋ አይቶ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር አንስቶ ይዞህ እንዳይሄድ» አለኝ። አንድ ዙር ሄጄ ስመለስ ግን ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ነበር። «እስቲ ገመዱን ብቻ ልያዘው» አለ። ከኋላው ቆሜ ቀበቶውን ይዤ እጀታውን ሰጠሁት። ነፋሱ 11 ማይል ነበር። ካይቷን ወደ ላይ አወጣት፣ ወደ ግራ ወሰዳት፣ ወደ ቀኝ መለሳት። ምንም አልተናገረም። ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። በመጨረሻ «እጅ ይበላል» ብሎ መለሰልኝ፣ ፊቱ ግን እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን በባለ 5 ሜትሩ ላደርግለት አልችልም ነበር።

እሱን ባለ 5 ሜትር በመጨረሻ ለአንድ ተወዳዳሪ ሸጥኩለት፣ ያለውን ጠባይ ሁሉ ነግሬ። 90 ዶላር ከስሬበታለሁ። ሰውየው እጅግ ደስ ብሎት ይነዳዋል፣ በጸደይ ሰዎች ሲሰበሰቡ አይቼዋለሁ፣ እንደ ወፍ ነው የሚበር።

ቢመሯ እስከ አሁን ድረስ ያስወጣችኝ ገመድ ብቻ ነው። ደረቅ ጭቃው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ ገመዱን ይፍቃል፣ በዚህ ክረምት አንዱ የፍሬን ገመድ መሳሳቱን በጣቴ ስዳስስ አገኘሁትና አራቱንም ቀየርኩ። አንዱን ብቻ አትቀይሩ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እኩል አይረዝምም፣ ካይቷ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። የተበጠሰውንም ቋጥራችሁ አትቀጥሉ፣ ቋጠሮ ገመድን ያደክማል። ጨርቋ ጫፍ ላይ አንዲት የጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች፣ በሚለጠፍ የካይት ጨርቅ ደፍኛታለሁ። ከእያንዳንዱ ማክሰኞ በኋላ አቧራውን አራግፌ፣ አየሯን አስወጥቼ፣ ገመዷን በእጀታዋ ላይ ጠቅልዬ ከመኪናዬ ኋላ አስቀምጣታለሁ። አሁንም እዚያው ናት።